ጠብቆም ላልቶም

ጳጉሜን መጥታ ቤት ሲጸዳ ለእኔ የሚደርሰኝ ሁልጊዜ የመጽሐፍ መደርደሪያው ነው። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፤ መጽሐፉን ማውረድ፣ መደርደሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ማበስ፣ መጽሐፉን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ ወደ ቦታው መመለስ። ነገር ግን ከመደርደሪያ የወረደ መጽሐፍ እንደ ወረደ አይመለስም። መጀመሪያ ሽፋኑን ታገላብጣላችሁ፣ ቀጥሎ «አንድ ገጽ ብቻ» ብላችሁ ቆማችሁ ትገልጣላችሁ፣ ከዚያ ሳይታወቃችሁ ትከሻችሁ ግድግዳውን ይደገፋል፣ ጉልበታችሁ ቀስ ብሎ ይታጠፋል፣ በመጨረሻም ወለሉ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ጨርቁ ጭናችሁ ላይ ደርቆ፣ የባልዲው ውሃ ቀዝቅዞ፣ ከወጥ ቤት «እስካሁን አልጨረስክም?» የሚል ድምፅ ሲመጣ «እየጨረስኩ ነው» ትላላችሁ። እውነት ነው፤ ምዕራፉን እየጨረሳችሁ ነው።

ዘንድሮ ወለል ላይ ያስቀመጠኝ ፍቅር እስከ መቃብር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት፣ ከአምስት መቶ ገጽ በላይ የሆነ፣ አንባቢ ሁሉ የማን ወገን እንደሆነ አስቀድሞ የወሰነበት መጽሐፍ። ከልጅነቴ ጀምሮ እያነሳሁ እያስቀመጥኩት እዚህ ደርሻለሁ። «የምታውቀውን ታሪክ እንደገና ምን ያስነብብሃል?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። መጨረሻው እንደሆነ ገና ከርዕሱ ተነግሯል፤ ማንም ሰው ይህን መጽሐፍ ሲገዛ በመጨረሻ ሠርግ ይኖራል ብሎ አልገዛውም። ታዲያ ሰው መጨረሻውን እያወቀ ለምን ይመለሳል? ይህን ሳሰላስል ቡናው መጣ፣ እኔም ጥያቄውን ከስኒው ጋር ይዤው ተነሳሁ።

አንድ ቃል አለን፤ «መድገም» የሚል። የእኛ ሰው ዳዊት «አነበብኩ» አይልም፣ «ደገምኩ» ነው የሚለው። ጎረቤታችን የነበሩት የኔታ ጠዋት ጠዋት ከቤታቸው ደጃፍ ፀሐይ በምትደርስበት ጥግ ተቀምጠው፣ ጫፉ ከጣት ብዛት የጠቆረውን ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አውጥተው፣ ተሳልመው፣ 150ውን መዝሙር ለሳምንቱ ቀናት ከፋፍለው ይደግሙ ነበር። ሁሉንም በቃላቸው ያውቁታል። ዓይናቸው እንኳ አንዳንዴ ከገጹ ላይ ተነስቶ መንገዱ ላይ የሚያልፈውን ሰው ይመለከታል፣ ከንፈራቸው ግን መንገዱን አይስትም። ቢሆንም ገጹን ሳይገልጡ አይደግሙም። በቃሉ የሚያውቀውን መጽሐፍ በየማለዳው የሚገልጥን ሰው፣ ስለ ምን ትደግመዋለህ ብሎ የጠየቀ ጎረቤት አላስታውስም። አንድ መጽሐፍ አንድ ጊዜ ተነቦ የሚያበቃ ነገር ነው የሚለው ሐሳብ ለእነዚያ ሰዎች፣ ቤት አንዴ ተገብቶ የሚያበቃ ነገር ነው እንደማለት ነበር።

ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ነው፤ ሽማግሌዎቹ በእኔ ልጅነትም መንቆረር ይሏት በነበረችው ከተማ። ክረምቱ የጮቄን ብርድ ይዞ ይወርዳል፣ ባሕር ዛፉ ረጥቦ ይሸታል፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲመጣ ደግሞ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች እንኳ በእጅ ምልክት ነው የሚግባቡት። ቤታችን ውስጥ ዳንቴል የለበሰች አንዲት ሬዲዮ ነበረች። የባትሪ ድንጋይዋ ሲደክም አያቴ አውጥታ፣ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር፣ ከበርበሬው ጎን በአንድ ሰፌድ ላይ ታሰጣዋለች። በርበሬው ለመቁላያ ይደርሳል፣ ድንጋዩም ለአንድ ምሽት ይነሳል። ያቺ ምሽት የምትቆጠበው ለማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ለወጋየሁ ንጋቱ ነው።

ወጋየሁ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ፍቅር እስከ መቃብርን ሲተርክ ሰፈሩ እንዴት ይሆን እንደነበር ያየ ያውቀዋል። ሬዲዮ የሌላቸው ጎረቤቶች የራሳቸውን በርጩማ ይዘው ይመጣሉ፣ ሕፃን ያቀፈች እናት በር አጠገብ ትቀመጣለች፣ ቢያለቅስባት ቶሎ እንድትወጣ። አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ ፊታውራሪ መሸሻም፣ ሰብለ ወንጌልም፣ በዛብህም፣ ጉዱ ካሣም ይሆናል። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ስለዚህ ለእርሷ መጽሐፉ የወጋየሁ ነበር። ሰዎቹንም የምትፈልጋቸው በዝምድና ነው። «እኒህ ፊታውራሪ የማን ልጅ ናቸው?» ብላ እናቴን ትጠይቃለች። ትውልዷ በብቸና በኩል ስለሆነ ዲማ ጊዮርጊስን በእግሯ ታውቀዋለች፣ ደጁን ተሳልማለች፣ ከዚያ አገር ሰው ደግሞ አንድ ትልቅ ባላባት ተነስቶ እርሷ ሳትሰማ የሚቀርበት ምክንያት አልታይ ብሏት ነበር። «የእኛ አገር ሰዎች ናቸው» እምዬ አለች አንድ ቀን፣ ነገሩን ስትቋጭ፣ «ስማቸውን ለውጠውላቸው ነው እንጂ።» ልጅ ሳለሁ ይህን እንደ ቀላል ነገር ሰማሁት። ዛሬ ስለ ልብ ወለድ ከሰማኋቸው ማብራሪያዎች ሁሉ አጭሩና ትክክለኛው እርሱ ይመስለኛል።

እምዬ የምለው አያቴን ነው። በእኛ ቤት አባትና ወንድ አያት «እርስዎ» ሲባሉ እናትና ሴት አያት «አንቺ» ነበሩ፤ ፍቅር መከባበሩን ቀድሞት ይገባል። ስለዚህ ቀጥዬ «አለች፣ ሄደች» ስል ማክበሬን ያጎደልኩ እንዳይመስላችሁ፤ ለእርሷ ከዚህ የሚበልጥ አክብሮት ስለማላውቅ ነው።

ወደ መጽሐፉ ልመለስ። መጽሐፉ ራሱ፣ ወረቀቱ፣ ቤታችን የገባው በኪራይ ነው። ከትምህርት ቤታችን አለፍ ብሎ አንዲት የእንጨት ኪዮስክ ነበረች፤ በአንድ በኩል ሻማ፣ ሳሙናና ክብሪት፣ በሌላው በኩል የሚከራዩ መጻሕፍት የተደረደሩባት። ማስያዣው አምስት ብር ወይም የተማሪ መታወቂያ፣ ለአንድ ሌሊት 25 ሳንቲም። መጻሕፍቱ ሁሉ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ለብሰው ስለሚቆሙ ከውጭ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ባለ ኪዮስኩ ግን በውፍረታቸው ብቻ እየዳበሰ የተጠየቀውን ይመዝዛል። ስትመልሱለት አውራ ጣቱን በምላሱ አርሶ ገጾቹን ከዳር እስከ ዳር ያርገፈግፋቸዋል፤ የጎደለ ካለ ድምፁ ይነግረዋል ይባል ነበር።

የእርሱ ፍቅር እስከ መቃብር ከፊት ብዙ ቅጠል ተቀድዶበት ነበር። ታዲያ ይህ ሰው ጎዶሎ ነገር ማከራየት ሕሊናው አይቀበለውም። መጽሐፉን ከመስጠቱ በፊት «ቁሙ፣ የጎደለውን ልንገራችሁ» ይልና፣ መስኮቱ ላይ በክርኑ ተደግፎ፣ የመጀመሪያዎቹን ገጾች በቃሉ ይተርካል። ወረፋ ካለ ባጭሩ፣ ወረፋ ከሌለ ደግሞ በማንኩሳ መሬት፣ በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ ላይ ረጋ ብሎ፣ መካከል ላይ ሻማ የሚገዛ ሰው ሲመጣ ሻማውን ሸጦ፣ መልሱን ቆጥሮ፣ «የት ላይ ነበርን?» ብሎ። እኔና ታላቅ እህቴ ታሪኩን እርሱ ካቆመበት ነው ከወረቀቱ ላይ የምንቀጥለው። ከብዙ ዓመት በኋላ ሙሉውን መጽሐፍ ስገዛ እነዚያን ገጾች ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ አየኋቸው። ዛሬም ቢሆን ሳነባቸው ከደራሲው ድምፅ ኋላ የሳሙናና የክብሪት ሽታ አለ።

የምታነበው እህቴ ናት፣ ኩራዙን የምይዘው እኔ። እምዬ ምድጃው አጠገብ ባዘቶዋን በጭኗ ላይ አድርጋ ትፈትላለች። የእንዝርቷ ነገር አሁንም በዓይኔ ላይ ነው። ግራ እጇ ባዘቶውን ወደ ላይ ይስባል፣ በቀኝ እጇ እንዝርቷን ባቷ ላይ አሽከርክራ ትለቃታለች፣ ክሩ ይረዝማል፣ ይጠመጠማል፣ እንደገና። ንባቡ ስለ ግብዣ፣ ስለ ጠጅ፣ ስለ አጀብ ከሆነ እንዝርቷ በደስታ ትዞራለች። ጉዱ ካሣ መናገር ሲጀምር ግን እንዝርቷ ትቆማለች። አየር ላይ፣ ክሩ ጫፍ ላይ፣ ዝም ብላ ትንጠለጠላለች፣ ቀስ እያለችም ወደ ኋላ ትፈታለች። እህቴ ገና ሳታነብ ዓረፍተ ነገሩ ከባድ መሆኑን እኔ የማውቀው ከእንዝርቷ ነበር። ጉዱ የሚባለው ሰው እውነቱን ተናግሮ ሲያበቃ እምዬ ረዥም ትንፋሽ ታወጣና የላላውን ክር እንደገና ታከርረዋለች። ስለ ተናገረው ነገር አንድም ቃል አትጨምርም። የጠፋውን ድካም መልሳ ማክረር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ነጥቦቹ ልምጣ፤ ይህን ሁሉ ያመጣሁት ለእነርሱ ስል ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ በብዙ ፊደላት አናት ላይ ትንንሽ ነጥቦች አሉ። እኔና እህቴ ለረጅም ጊዜ የማተሚያ ቤት ቀለም የነጠበ ነው ብለን እናምን ነበር። እንዲያውም እኔ አንዳንዱን በጥፍሬ ለመላጥ ሞክሬያለሁ። ለእህቴ ንባብ ግን ነጥቡ ምንም አልጨመረም፤ ፊደሉን እንዳየችው ታልፈዋለች።

አንድ ምሽት፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት ሰዓት፣ ስለ ሰብለ ወንጌል የሚያወራ ገጽ ላይ እያነበበች «አለች» በሚል ቃል ዓረፍተ ነገሩን ዘጋችው። እምዬ ጠበቀች። እንዝርቷም ቆመች። እህቴ ገጹን ልትገልጥ ስትል «ምን አለች?» እምዬ አለች። እህቴ ወደ ኋላ ተመልሳ አየች። «ምንም አላለችም።» «አሁን አለች አላልሽም?» «አዎ።» «እኮ ምን አለች?» ሦስታችንም ተያየን። ኩራዙን አስጠግቼ ገጹን አየሁት፤ በ«ለ» አናት ላይ ያች ነጥብ ቁጭ ብላለች። እህቴ ዓረፍተ ነገሩን ከላይ ጀምራ ዝግ ብላ ደገመችው፣ ያን ጊዜ ነው የገባን፤ ልጅቱ ምንም አላወራችም፣ ቤት ውስጥ አለች ለማለት ነው። ለካ «ለ» ጠብቃ መነበብ ነበረባት። እምዬ ሳቀች፣ እኛም ሳቅን፣ ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት አንድ ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ ዝም ሲል «ምን አለች?» ይባል ጀመር።

በማግሥቱ መጽሐፉን ይዘን የኔታ ዘንድ ሄድን። ዓይናቸውን አጥብበው ነጥቧን አዩዋት፣ ጣታቸውንም ከሥሯ አደረጉ። «ይህ ሰው የቅኔ ቤት ልጅ ነው» አሉን። «ጠብቆ የሚነበበውን ሊያሳያችሁ ነው።» ልክ ነበሩ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. እዚያው ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ እንዶዳም ተወልደው በጎጃም የቅኔ ትምህርት ቤቶች ያደጉ ናቸው። በኋላ ጣሊያንን የተዋጉ፣ ተማርከው በጣሊያን እስር ቤት ዓመታት ያሳለፉ፣ አምባሳደርና ሚኒስትር የሆኑ ሰው ናቸው፤ የተማሩትን ማጥበቅና ማላላት ግን አልረሱትም። በግዕዝ ንባብ ቤት አንድ ልጅ ፊደል ስለ ለየ ብቻ አነበበ አይባልም፤ ተነሹን፣ ወዳቂውን፣ ሰያፉንና ተጣዩን መለየት አለበት። የአማርኛ ጽሑፋችን ግን ይህን ሁሉ ለአንባቢው ትቶታል። «ገና» ብለን ጽፈን በዓሉን ይሁን ያልደረሰውን ነገር ሳንለይ እናልፋለን፤ «ሰፊ» ብለን ጽፈን ልብስ የሚሰፋውን ሰው ይሁን የተንጣለለውን ሜዳ፣ «ዋና» ብለን ጽፈን ወንዝ ውስጥ የሚደረገውን ይሁን የነገሩን ራስ አንናገርም። አንባቢው ከራሱ ትንፋሽ ይጨምርበታል። ፊደሉ አንድ ነው፣ ቃሉ ሁለት ነው፣ በሁለቱ መካከል ያለው የሚያነበው ሰው ነው። ሐዲስ በዚያች ነጥብ ለአንባቢያቸው ሊያግዙ ፈለጉ፤ ልማዱ ግን ሌሎች ደራሲዎች ዘንድ ብዙም አልዘለቀም።

እኔ ግን ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሳስበው፣ ነጥብ የማይደርስበት ብዙ ነገር በዚያው መጽሐፍ ውስጥ አለ። በአሥር ዓመቴ ጠብቆ የሚነበብልኝ መንገዱ ነበር፤ መሰደዱ፣ መደበቁ፣ ሽፍታው። በአሥራ ሰባት ዓመቴ መንገዱ ላላና በዛብህና ሰብለ ወንጌል ጠበቁ፤ መምህርና ተማሪ ሆነው አንድ መጽሐፍ ላይ አብረው ያጎነበሱበትን ቦታ ስንት ጊዜ ገልጬዋለሁ! በሠላሳዎቹ ዕድሜዬ ውስጥ፣ ከሰው ጋር መሥራትና ዝም ማለት ምን እንደሆነ ስማር፣ ጉዱ ካሣ ጠበቀ፤ እምዬ ለምን እንዝርቷን ታቆም እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። አሁን ሃምሳን አልፌ ሳነበው ደግሞ፣ በልጅነታችን «ቶሎ እንለፈው» እንለው የነበረው የመጀመሪያው ክፍል ነው የያዘኝ፤ ማንኩሳ ላይ የሚኖሩት ባልና ሚስት፣ ያ አንድ ልጃቸው፣ ከሞት ቢተርፍ ለእግዚአብሔር አገልግሎት ሊሰጡት የተሳሉት ስለት። ያ ሁሉ ፍቅርና መከራ የተተከለው እዚያ፣ ልጇን ላለማጣት በምትለምን እናት ጉልበት ሥር ነው።

ይህን እኔ ዘግይቼ ልድረስበት እንጂ እምዬ ታውቀው ነበር። መጽሐፉን ለመመለስ አንድ ሌሊት ሲቀረን እህቴ «የቱን ላንብብልሽ?» ስትላት የፍቅሩን አትልም፣ የጦርነቱንም አትልም። «ያቺን የእናቲቱን ድገሚልኝ» እምዬ አለች። እህቴ ከቀረው ገጽ ላይ ያለውን ታነባለች፣ የተቀደደውን ባለ ኪዮስኩ እንደነገረን አድርጋ በቃሏ ትሞላዋለች። እምዬ ዘጠኝ ወልዳ አራት ነው ያሳደገችው። ስለ አምስቱ ሲወራ አልሰማሁም። እንዝርቷ ግን በዚያ ክፍል ላይ አትቆምም ነበር፤ ከሌላው ጊዜ ይልቅ በዝግታ ትዞራለች።

ሁለተኛው ቡና ፈላ። ቡና ሲደገም ይቀጥናል፣ መጽሐፍ ሲደገም ይወፍራል። እስከ በረካው ሌሎች መጻሕፍት ላንሳላችሁ።

የበዓሉ ግርማን ኦሮማይ መጀመሪያ ያነበብኩት ለአንድ ሌሊት ተውሼ፣ የሌላ መጽሐፍ ሽፋን ለብሶ ነው። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰብስቦ ነበር፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ያን ሌሊት፣ በር ዘግቼ፣ ያነበብኩት የፊያሜታን የፍቅር ታሪክ ነው። የአስመራ መንገድ፣ የሴቲቱ ሳቅ፣ ጋዜጠኛው ጸጋዬ በሁለት ሴቶች መካከል መዋለሉ ነበር ልቤን የያዘው። የሚፈራው ነገር የቱ ጋ እንደ ተጻፈ እንኳ ልብ አላልኩም፤ ጠዋት መጽሐፉን ስመልስ «ለምንድን ነው ይህን የሚደብቁት?» ብዬ ሳስብ ትዝ ይለኛል። ከሃያ ዓመት በኋላ ስደግመው ፊያሜታ እዚያው አለች፣ ሳቋም እንዳለ ነው፤ አሁን ግን ከጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀመጡት ሰዎች፣ የስብሰባው ቋንቋ፣ የሚሞቱት ወጣቶች ቁጥር ጠብቆ ተነበበልኝ። አንድም ፊደል አልተለወጠም።

ነገም ሌላ ቀን ነው ደግሞ በመደርደሪያዬ ላይ የተለየ ቦታ አለው። ነቢይ መኰንን በደርግ ጊዜ ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ ከእንግሊዝኛ የመለሰው፣ ወረቀት ስላልነበረ በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ላይ የጻፈው፣ እየተሸሸገ በጥቂት በጥቂቱ ከእስር ቤት የወጣ መጽሐፍ ነው። ሳነበው ሁልጊዜ አንድ ትንሽ ነገር ላይ እቆማለሁ፤ አንድ የሲጋራ ወረቀት ስንት ቃል ይይዛል? በጣም ረቂቅ በሆነ እጅ ቢጻፍ እንኳ አንዲት ሴት በር ከፍታ ገብታ ሰላምታ እስክትሰጥ ወረቀቱ ያልቃል። ለቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ሌላ ሰው ፓኮውን እስኪጨርስ መጠበቅ ነው። ያን ካሰብኩ ወዲህ የዚያን መጽሐፍ ገጽ በችኮላ ገልጬ አላውቅም።

ወለሉ ላይ የያዝኩት ፍቅር እስከ መቃብር አሮጌ ተራ የገዛሁት ነው፤ ከእኔ በፊት ብዙ እጅ ነክቶታል። በሰማያዊ ቢክ ዳር ዳሩን የጻፉበት ሰዎች አሉ። አንዱ ጉዱ ካሣ በተናገረበት ሁሉ «ትክክል!» እያለ ሄዷል፤ በአሥራ አምስት ገጽ ውስጥ ስምንት ጊዜ። ሌላ ጽሑፍ፣ ክብ ክብ ያለ፣ የሴት ልጅ የሚመስለኝ፣ ሰብለ ወንጌል ብቻዋን በምታስብበት አንድ ቦታ ላይ «እኔም» ብላ ብቻ አልፋለች። አንድ ገጽ ላይ የዘይት ጣት አለ፤ ምሳ እየበላ ያላቋረጠ ሰው። የማላውቃቸው ናቸው፣ መንገድ ላይ ባገኛቸውም አልለያቸውም፣ ነገር ግን ያች «እኔም» ያለችበት ገጽ ላይ ስደርስ፣ አንድ ሰው እያለፈ ሰላም እንዳለኝ ሁሉ፣ ራሴን ዝቅ አደርጋለሁ።

እህቴ ዛሬ ዋሽንግተን አካባቢ ነው የምትኖረው። ሌሊት ሥራ አድራ መኪናዋን እየነዳች ስትመለስ ወጋየሁን በዩቲዩብ ታደምጠዋለች። እርሱ ካለፈ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ድምፁ ግን አውራ ጎዳናው ላይ ከእርሷ ጋር ይሄዳል። «ቤት ስደርስ ምዕራፉ ካላለቀ ከመኪናው አልወርድም» ትለኛለች፤ ሞተሩን አጥፍታ፣ ቀበቶዋን ሳትፈታ፣ ጨለማ ውስጥ። ልጆቿ በመስኮት እያዩ ስልክ የምታወራ ይመስላቸዋል። በስልክ ስንገናኝ ስለ አየሩና ስለ ጤናው ከተጠያየቅን በኋላ ዝም ስል «ምን አለች?» ትለኛለች፣ ሁለታችንም እንስቃለን። የእምዬን እንዝርት ከአገር ስትወጣ እርሷ ናት ይዛት የሄደችው። ሳሎኗ ውስጥ ከመጻሕፍቷ መካከል ቆማለች፤ ጫፏ ላይ ሳይጠቀለል የቀረ አንድ ክንድ የማይሞላ ክር አለ፣ ማንም አይነካውም።

ባለፈው ዓመት ደብረ ማርቆስ ሄጄ ነበር። በኪዮስኳ ቦታ የሞባይል ሱቅ ተከፍቷል። ባለቤቱ ወጣት ልጅ ነው፣ የስልኬን መስታወት ቀየረልኝ፣ ሥራውን ሲጨርስ አውራ ጣቱን ከዳር እስከ ዳር አንሸራትቶ ሞከረው። ቤታችን አለ። ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ ከቦርሳዬ መጽሐፉን አወጣሁና የእናቲቱን ክፍል ገለጥኩ። ዝናብ ነበረ፣ ቆርቆሮው ይጮሃል፣ ለራሴ እንኳ የማይሰማኝን ነገር ጮክ ብዬ አነበብኩ። አንድ ቦታ ላይ ደርሼ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ ቆም ብዬ ወደ ምድጃው ጥግ አየሁ።

አሁን በረካው ቀርቧል፣ ባልዲው ውስጥ ያለውን ውሃ መድፋት አለብኝ፣ መደርደሪያውም ገና ግማሹ ነው። ከመነሳቴ በፊት የጻፍኩትን ወደ ላይ ተመልሼ ሳየው፣ «እምዬ አለች» የሚል ሦስት ቦታ ጽፌያለሁ። ነጥብ አላደረግኩበትም። ሐዲስ ዓለማየሁ ቢሆኑ «ለ»ዋ ትጠብቅ ትላላ ለይተው ያሳዩን ነበር። እኔ ለእናንተ ትንፋሽ ትቼዋለሁ።